ንጹሕ ድንጋይ

ታናሽ ወንድሜ ወርቅ ሠሪ ነው። ሰፈሩ ግን «ንጹሑ» ብሎ ነው የሚጠራው። ይህን ስም ያወጡለት ከሱቁ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ጫማ ጠጋኞች ናቸው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ድንጋዩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ ገዢው እስኪሰለቸው ድረስ ሲያገላብጥ ይቆይና በመጨረሻ «ንጹሕ ነው!» ይላል። ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እነሱም መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ «ንጹሕ ነው!» ብለው ይቀበሉታል፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ።

እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እናታችን ሰው ቤት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ አይወርድም ነበር። መራመድ ሲጀምር የተሰበረ ጠርሙስ እየለቀመ ፀሐይን በእሱ ውስጥ ማየት ያዘ። አረንጓዴውን ከሁሉም ይወድ ነበር። እጁ በስንጥር ተበልቶ ሲመጣ እየተቆጣሁ አጥበዋለሁ፤ በነጋታው መልሶ እዚያው ነው።

ሥራውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ነው። ሽማግሌው እጁ ወርቅ፣ ልቡ ግን ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንዲት አሮጊት ተራ መስታወት የከበረ ድንጋይ ነው ብሎ ሸጠላት። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት እያለቀሰች ስትመለስ «አላውቅሽም» አላት። ወንድሜ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያን ማታ እቤት መጥቶ ፊቱን በጋቢዬ ሸፍኖ «እታለም፣ እኔ መስታወት ሸጬ ልሙት» ብሎ ማለ። መሐላውንም እስከ ዛሬ አላፈረሰም።

እንዲያውም አበዛው። በአረንጓዴ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀጭን መስመር አይጠፋም፤ ወርቅ ሠሪዎች «ፀጉር» ይሉታል። ገዢው ሳያየው፣ ሳይጠይቀውም፣ እሱ ራሱ «ፀጉር አለበት፣ ዋጋው እንደዚያው ነው» ይላል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን በዚህ መነጽር አይተኸኝ ቢሆን ኖሮ አታገባኝም ነበር» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል «አይቼሻለሁ እኮ። ፀጉር በፀጉር ነበርሽ» ይላታል።

እኔ ከሰዓት በኋላ እሱ ሱቅ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጬ ዶቃ እሰካለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አይደለም የምጽፈው።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጣች። ነርስ ናት፤ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላት። ልታገባ ነው። ባሏ የሚሆነው ሾፌር ምርጫውን ለእሷ ትቶታል። የጌጥ ማሳያው መስተዋት ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች፤ ከዚያ ቀና አለችና፣

«ጋሼ፣ አረንጓዴ ድንጋይ ያለው ቀለበት እፈልጋለሁ። ትልቅ አይሁን፣ ብዙም አያብለጭልጭ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት፤ ንጹሕ ይሁን» አለችው።

ወንድሜ ፊቱ በራ። ይህን ቃል በራሱ አፍ የሚናገር ገዢ አግኝቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ከዚህ ቤት ንጹሕ ያልሆነ ነገር ንጹሕ ተብሎ ወጥቶ አያውቅም! ግን ንጹሕ አረንጓዴ ብርቅ ነው። ላስፈልግልሽ።»

«እውነት? በሠርጌ ቀን ልቤ እንዲያርፍ ብዬ እኮ ነው።»

«ያርፋል፣ ያርፋል!»

ልጅቷ ከመውጣቷ ስልኩን አንሥቶ ጮሌው ዘንድ ደወለ። ጮሌው የምንለው ድንጋይ ከማዕድን ጉድጓድ እያመጣ የሚሸጥ ደላላ ነው። «ፀጉር የሌለበት! ለሙሽራ ነው፣ ፍጠን! በዋጋ አልጨቃጨቅህም፣ ብቻ ከሠርጉ በፊት ይድረስልኝ» ሲል እኔም ሰማሁ። ምንም አልመሰለኝም። ሥራ ነው።

ድንጋዩ መጣ። ወንድሜ መነጽሩን ሰክቶ አገላበጠው። ከዚያ ለእኔ አሳየኝ፤ ሜዳ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ሣር ይመስላል። ሌላ ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ተደረገ። ወርቁን አቀለጠ፣ ሳበ፣ ቀጠቀጠ፤ ድንጋዩን የሚይዙትን አራት ጥርሶች እንደ ሕፃን ጥፍር አሳንሶ ሞረዳቸው። ሲጨርስ እንደ ልጅነቱ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ።

ሲስተር ልትወስድ የመጣች ቀን እኔም ነበርኩ። ቀለበቱን በእጇ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልክ በዚያን ጊዜ ጮሌው በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ! አሁንም ዶቃ? የከተማው አንገት ሁሉ አልሞላም እንዴ?» አለኝና ወደ ወንድሜ ዞሮ ከኪሱ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣ። «ጋሽዬ፣ ይቺን ሳትቀደም ያዛት። ከዚያው ጉድጓድ ናት። ጉድጓዱ ተንዷል፣ ከእንግዲህ ከዚያ የሚወጣ የለም። ነገ ዋጋዋ ሌላ ነው።»

ሲስተር ቀና አለች። «የቱ ጉድጓድ ነው የተናደው?»

ጮሌው ሰሚ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። «ይሄ የእርስዎ ቀለበት የወጣበት ነዋ! አሁንማ ዕድለኛ ነዎት፣ መንትያ የለውም።»

«ሰው ነበረበት?»

ጮሌው ወንድሜን አየ። ወንድሜ ጮሌውን አየ። «ያው ሥራው እንዲህ ነው፣ ሲስተር» አለ ጮሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰው... ያው ዕለቱ ደረሰ።»

ልጅቷ ቀለበቱን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ንጹሕ ነው ብለውኝ ነበር።»

ወንድሜ ደንግጦ አጉሊ መነጽሩን አነሣ። «ንጹሕ ነው እንጂ! ነይ፣ በዚህ እዪው። አንዲት ፀጉር ብታገኚበት ይሄን ሱቅ እዘጋዋለሁ!»

«እኔ እኮ ስለ ድንጋዩ ሆድ አልጠየቅኩም» አለችው።

ወንድሜ መነጽሩን መልሶ አስቀመጠው።

«ሰው ያልተጎዳበት፣ ሰው ያልተበላበት ማለቴ ነበር። ከጉድጓድ የወጡ ሰዎች እኛ ጋ ይመጣሉ። አጥቤያቸዋለሁ። አፈሩ ከጆሯቸው አይለቅም። ጣቴ ላይ የማደርገው ነገር ከዚያ እንዳይመጣ ብዬ ነው የጠየቅኩዎት።»

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም የልጅ ልጄ ናት። «አለ» የሚለውን ቃል አሳይታኝ «አያቴ፣ ይሄ ‹ተናገረ› ማለት ሊሆን ይችላል፣ ‹ይገኛል› ማለትም ሊሆን ይችላል፤ አጻጻፉ አንድ ነው፣ በንባብ ነው የሚለየው» ብላኝ ነበር። «ንጹሕ»ን ግን በንባብም አይለዩትም። አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ተሳስቀው፣ ተስማምተው፣ አንዱ ስለ ድንጋይ አንዷ ስለ ሰው ሲያወሩ ከርመዋል። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ እየሰማሁ አልተለየኝም።

«ያወጣው ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደወጣ ሄደው ይወቁልኝና ይንገሩኝ» አለችው ሲስተር። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከዚያ በኋላ እወስናለሁ።» ቀለበቱን መስተዋቱ ላይ ትታ ወጣች። ጫማ ጠጋኞቹ እንደ ልማዳቸው «ንጹሕ ነው!» ብለው ሸኟት። ወንድሜ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ያን ዕለት ምሳውም እራቱም ሳይነካ ተመለሰ። «እታለም፣ መስታወት ሸጬ አላውቅም» አለኝ።

«አታውቅም» አልኩት።

«ታዲያ ለምንድነው እንደ ሌባ ያፈርኩት?»

ከዚያ «አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን በየትኛው ፊቴ እገባለሁ?» አለ። ያ ትልቅ ሰው በልጅነቱ ጨለማ ሲፈራ የሚያየኝን አስተያየት አየኝ። ነጠላዬን አነሣሁ።

አውቶቡሱ እስከ መንገዱ ማለቂያ አደረሰን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጮሌው ከፊት እየመራ ያጉረመርማል። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ ጉድጓድ ልይ የሚል ገዢ አይቼ አላውቅም። ድንች የሚገዛ ሰው ማሳው ድረስ ይሄዳል እንዴ?»

«ዝም ብለህ ምራ» አልኩት።

«እሺ እማማ፣ መራሁ። ጭቃው ግን በእኔ አይሳበብ።»

ቦታው ስንደርስ ያየሁት ወንፊት የመሰለ ተራራ ነው። ጉድጓዶቹ ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የሚበቁ ናቸው። ሰው የሚወርደው በገመድ ነው፤ አንዱን ገመድ በእጄ ዳሰስኩት፣ መሐሉ ሳስቷል። ግድግዳውን የሚደግፍ አንድ እንጨት የለም። ወንድሜ «እንጨት ለምን አታደርጉበትም?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ቆፋሪ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጭቃውን ከክንዱ እየጠረገ «እንጨት እኮ ይገዛል፣ አባባ። እኛ ነን ያልተገዛነው» አለውና ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው። የተናደውን ጉድጓድ ማንም ሳያሳየን ለየነው፤ አፈሩ ሰርጎድ ብሎ ገና እርጥብ ነበር።

የሟቹ ቤት አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አልጋው የሽቦ። ሚስቱ ገና ወጣት ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችን፣ ውሃ በጣሳ ሰጠችን። ጮሌው «ገዢው ይኸውና፣ እሱ ነው» አላት። ተነሥታ የወንድሜን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እርስዎ ነዎት? እግዜር ይስጥልን። ባይገዙት ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነበር የሚቀረው።»

ወንድሜ እጁን ማስለቀቅም አልቻለ፣ መተውም አልቻለ።

«እንዴት... እንዴት ነበር?» አላት።

ሳታለቅስ ነገረችን። ዝናብ ዘንቦ ነበር። ሁሉም አፈሩ እስኪጠነክር ብሎ ጉድጓዱን ትቶ ተቀምጧል። ከዚያ ከከተማ ትእዛዝ መጣ፤ ለሙሽራ ነው፣ ይቸኩላል ተባለ። «እሱ ደግሞ ሠርግ ይወዳል። ‹ሙሽራ ከምታዝን እኔ ልጨቅይ› አለኝና ወረደ። ድንጋዩን አገኘው፤ ለጓደኛው በገመድ ላከለት። ሌላም አይቻለሁ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ተናደበት፤ ሬሳውን ሲያወጡ ሁለተኛውን ድንጋይ በጭብጡ ይዞት ነበር።»

ጮሌው ወደ ውጭ አየ። እጁ ያቺ ቋጠሮ ያለችበትን ኪሱን ከላይ ሸፈነው።

ወንድሜ አፉን ከፈተ። «ፍጠን ያልኩት እኔ ነኝ» ሊል መሰለኝ። ከአፉ የወጣው ግን «እግዜር ያጽናሽ» ብቻ ነው። ተነሥቶ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። አውቶቡስ ውስጥ ግንባሩን ከመስኮቱ አስደግፎ «አመሰገነችኝ እኮ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እታለም፣ አመሰገነችኝ እኮ» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

ለሲስተር ሁሉንም ነገራት፣ አንድም አላስቀረም። የስልኩንም ጭምር። ሰምታ ስትጨርስ ከንፈሯ ነጣ።

«ስለዚህ ለእኔ ነው የወረደው።»

«የለም ልጄ፣ በእኔ ጥድፊያ ነው። አንቺ ጠይቀሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ቀለበቱን አልነካችውም። ያገባችው ምንም ድንጋይ በሌለበት ቀለበት ነው።

ወንድሜ በጮሌው በኩል ለሟቹ ሚስት «ቀለበቱ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» ብሎ ላከባት። «ድንጋይ ይዤ ምን ላደርግ? ሸጦ ይላክልኝ» የሚል መልስ መጣ። እሱም መስተዋቱ ውስጥ አኖረው። ዓይኑ ያረፈበት ሰው ሁሉ ይቆማል፤ ያን የመሰለ ድንጋይ ከተማው ውስጥ አልነበረማ። ግን ሰው ሲጠይቀው ወንድሜ ይናገራል። «ለዚህ ድንጋይ ሰው ሞቷል» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ። ገዢው እሳት እንደነካው እጁን ይሰበስባል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «ይሄን ምን አስነገረህ? ሳልሰማ ብገዛው ምን ነበረበት!» ብላ ተቆጥታ ወጣች።

ስለ ሌሎቹም ድንጋዮች ከየት እንደመጡ ሲጠየቅ «አላውቅም» ማለት ጀመረ። አላውቅም ያለውን ደግሞ ማን ይገዛዋል? ከጮሌው መግዛት አቆመ፤ ሰዎች ከእናት ከአያታቸው ያገኙትን አሮጌ ጌጥ ሲያመጡለት ድንጋዩን እየፈታ በአዲስ ወርቅ ይሠራላቸዋል። ጫማ ጠጋኞቹም ስሙን ለወጡለት፤ አሁን «አቶ አላውቅም» ሆኗል። ሚስቱ «ድሮ ፀጉር ነበር የሚያስፈራን፣ አሁን ራሰ በራ ልንሆን ነው» ትላለች።

ጮሌው አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «ጋሽዬ፣ አንተ ዝም ብትል እኮ ያቺ ሴት ዛሬ ልጆቿን ታበላ ነበር» አለው። ክፋቱ፣ እውነቱን ነው። ወንድሜ ቢናገር ለሟቹ ሚስት የሚደርሳት የለም፤ ዝም ቢል ያው የለመደው ሽያጭ ነው። ቀለበቱን በቀን ብዙ ጊዜ ያወጣዋል፣ ይወለውለዋል፣ ይመልሰዋል።

ከዚያ የሟቹ ሚስት ራሷ መጣች። አቧራ ለብሳ፣ አንድ ትንሽ ፌስታል ይዛ። ሱቁ ውስጥ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሴትየዋ ቀለበቱን አጥልቃ ባሏን እያሳየችው ነው። ወንድሜ የገባችው ማን እንደሆነች አይቶ የያዘውን ሞረድ አስቀመጠ። ቢሆንም ያንኑ ተናገረ፤ «ለዚህ ድንጋይ ሰው ሞቷል።» ሴትየዋ ከጣቷ ለማውጣት ታገለች። ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

የሟቹ ሚስት ከኋላ ሆና ሁሉን አይታለች። «ለምንድነው እንዲህ የሚነግሯቸው?» አለችው።

«አፍሬ ነው፣ እህቴ።»

«ማፈርዎ ለልጆቼ ምን ያደርግላቸዋል?»

ወንድሜ ከሥራ ወንበሩ ተነሣ። «አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ያን ዕለት ፍጠን ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ገዢው ሌላ፣ ያስቸኮለው ሌላ ይመስላታል ብለው ነው?»

«ታዲያ ለምን አመሰገንሽኝ?»

ወንበር ላይ ተቀምጣ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «መጥተው ስላዩ። ከዚያ ጉድጓድ ስንት ድንጋይ ወጥቷል፤ ማን መጣ?» ቀና ብላም «ያቺ ሙሽራስ የት ናት?» አለች።

«አልወሰደችውም። እሷም አፈረች።»

«እሷን ደግሞ ምን አሳፈራት? የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ይጥሩልኝ።»

ወንድሜ ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ሲስተር ከሥራ እንደወጣች ነጭ ጫማዋን ሳትቀይር መጣች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የሟቹ ሚስት ወደ እኛ ዞረችና «እናንተ ትንሽ ውጡልን» አለች።

ወጣንና ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ እሱ በገዛ ሱቁ ደጅ። ጫማ ጠጋኞቹ የሚሉትን ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ፊቱን ሲያዩ ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሰማን። ቆይቶ ደግሞ የሟቹ ሚስት የሆነ ነገር እያስመሰለች፣ የሰው አነጋገር እየኮረጀች ስትናገር ሁለቱም ሳቁ። ወንድሜ የሱሪውን ጉልበት እየፈተለ መሬት መሬቱን ያያል።

ሲስተር ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። አረንጓዴው ቀለበት ጣቷ ላይ ነበር።

«ወስጄዋለሁ» አለችው። «ክፍያዬንም ከእሷ ጋር እጨርሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የማን እንደሆነ እናገራለሁ። ቀኑን ሙሉ ያፏጭ ነበር አሉ፤ እታች ሆኖ በፉጨቱ ነው ደህና መሆኑን የሚያውቁት። ሠርግ ላይ ሳይጠራ ሄዶ የሚጨፍር ሰው ነበር አለችኝ።» ከዚያ ቀለበቷን እያየች «ስሙም ያምራል» አለች። «ስሙን ያውቁታል አይደል፣ ጋሼ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አላውቀውም። ቤቱ ገብተን፣ አልጋው ላይ ተቀምጠን፣ ውሃውን ጠጥተን ወጥተናል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ «ሰው ሞቷል» ብለናል፤ ማን ሞተ ብለን አንድ ቀን አልጠየቅንም። ፊቴ ነደደ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

ወንድሜ ጉልበቱን ይዞ ከደረጃው ተነሣ። ኮቱን አራገፈ። ወደ ውስጥ ገባና ሴትየዋ ፊት እንደ ተማሪ ቆሞ፣

«እህቴ፣ ባለቤትሽ ማን ይባል ነበር?» አላት።